በሦስት የተከፈለው መጽሐፍ

ጡረታ ስወጣ የትምህርት ቤቱ መምህራን ሻይ ክበቡ ውስጥ ሸኙኝ። ጋቢ አለበሱኝ፣ ኬክ ተቆረሰ፣ ርዕሰ መምህሩም «ዘመናቸውን ሁሉ መጻሕፍትን በታማኝነት የጠበቁ እናት» ብሎ አሞገሰኝ። ዘበኛ አስመሰለኝ። እኔ መጽሐፍ ጠብቄ አላውቅም። ሥራዬ መጽሐፍን ከመደርደሪያው ማባረር ነበር፤ ተደላድሎ የተቀመጠ መጽሐፍ ሳይ አሁንም እጄን ይበላኛል።

ከዚያ አንዲት ወጣት መምህርት ተነሥታ «እማማ ምሕረት፣ ማንበብ ሕይወትዎን እንዴት ለወጠው?» አለችኝ። በቴሌቪዥን የሚጠየቅ ዓይነት ጥያቄ ነው። አፌ ላይ የመጣውን ብዬ ተቀመጥኩ፤ ሰዉም አጨበጨበ። ቤቴ ከገባሁ በኋላ ግን መልሴ አበሳጨኝ። እውነተኛውን ለመናገር በሐሳብ እስከ ፒያሳ መውረድ ነበረብኝ፤ ሰው ኬክ ይዞ በቆመበት ይህ አይሆንም። አሁን ጊዜ አለኝ።

የሠራሁባቸው ቦታዎች ብዙ አይደሉም። አምስት ኪሎ አካባቢ በአንድ መሥሪያ ቤት ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ስሠራ አለቃዬ መጻሕፍቱን በቁመታቸው ያሰልፋቸው ነበር፤ ረጃጅሞቹ ከኋላ፣ አጫጭሮቹ ከፊት። እንግዳ ሲመጣ ያምራል ይላል። አንድ አንባቢ የሕክምና መጽሐፍ ሲፈልግ «ቁመቱ ምን ያህል ነው?» ብዬ እጠይቅ ነበር፤ ቀልድ አልነበረም። ከዚያ ወደ ትምህርት ቤት ተዛወርኩና እስከ ጡረታዬ እዚያው ቆየሁ። ደመወዙን ተዉት፤ ከባለቤቴ ጋር ተደጋግፈን ልጆች አሳድገንበታል።

ሰው ያደረገኝ ግን ከሁሉም በፊት የነበረው ሥራዬ ነው። በደርግ ዘመን ከፒያሳ ወደ እሪ በከንቱ ቁልቁል ሲወረድ፣ በአንድ ወርቅ ሠሪና በአንድ ፎቶ ቤት መካከል የተሸጎጠች የመጽሐፍ ማከራያ ነበረች። ባለቤቱ ጋሽ ታፈሰ ይባላል። ትምህርቴን ጨርሼ ሥራ ስፈልግ ቀጠረኝ፤ ፈተናው አንድ ገጽ ጮክ ብዬ ማንበብ ብቻ ነበር። አንብቤ ስጨርስ «ነጥቦቹ ላይ ትንሽ ተንፍሺ፤ ማንም አያባርርሽም» አለኝ።

ጋሽ ታፈሰ ወፍራም መጽሐፍ ይወዳል፤ ማከራየቱን ግን አይወድም። አንድ ወፍራም ልብ ወለድ አንድ ሰው ቤት ወር ሲከርም ሌላው ደንበኛ እየመጣ ባዶ እጁን ይመለሳል። ስለዚህ መጽሐፉን ለሦስት ይከፍለዋል። ሦስት ሰው አንዱን መጽሐፍ በአንድ ጊዜ ያነብባል፤ ፊተኛው ሲጨርስ ለኋለኛው ይለቅቃል። ሌላ ቦታ እንዲህ ያለ አሠራር አላየሁም።

አከፋፈሉን ማየት ደስ ይል ነበር። መጀመሪያ እጁን ይታጠባል። የመጽሐፉን ጀርባ በእርጥብ ጨርቅ ሸፍኖ ሙጫው እስኪለሰልስ ይጠብቅና ሽፋኑን ይገፍፋል። ከዚያ ክሩን ይፈልጋል። መጽሐፍ የሚሰፋው እየታጠፈ ጥራዝ በጥራዝ ነው፤ በሁለት ጥራዞች መካከል ያለችውን ክር በምላጭ ጫፍ ይበጥሳል እንጂ ወረቀቱን አይነካውም። የተለየውን ክፍል በወስፌ በስቶ፣ ሰም በተቀባ ክር መልሶ ሰፍቶ፣ በዱቄት ሙጫ የሲሚንቶ ከረጢት ወረቀት ያለብሰዋል። በላዩ ድንጋይ ተጭኖበት ያድራል። የት ላይ እንደሚከፍል የሚወስነው ግን መጽሐፉን አንብቦ ነው። ካሉት ክሮች ሁሉ አንባቢው እንቅልፍ የሚያጣባትን ይመርጣል። «ሰው ጠግቦ ከተነሣ ነገ ምን ሊያደርግ ይመጣል?» ይላል።

ሌላም ልማድ ነበረው። አንደኛውን ክፍል የሚመልስ ደንበኛ ሁለተኛውን ከመቀበሉ በፊት አንድ ነገር ይጠየቃል፤ «ማንን ጠላህ?»

ደንበኛው ይናገራል። ጋሽ ታፈሰ አይከራከርም፣ አያርምም። «እሺ» ይልና ሁለተኛውን ይሰጠዋል። ሁለተኛውን ሲመልስ ያንኑ ጥያቄ ይደግምለታል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይደናገራል። ባለፈው ሳምንት ይሰቀል ብሎ የፈረደበት ሰው አሁን አሳዝኖታል፤ ያሞገሳት ልጅ ደግሞ ጉድ ሠርታለች። አንዳንዱ ይስቃል፣ አንዳንዱ መልስ ሳይሰጥ ሦስተኛውን ቀምቶ ይወጣል።

እኔ ያኔ ሰው ለመጥላት የሚቀድመኝ አልነበረም። ከሁሉም በላይ የምጠላት እንጀራ እናቴን ነበር። አንድ ቀን ሱቅ ውስጥ ስለሷ ሳማርር ጋሽ ታፈሰ ከስፌቱ ቀና ሳይል «ስንተኛው ክፍል ላይ ነሽ?» አለኝ። ተናድጄ ሱቁን ጥዬ ወጣሁ። ቤት ስገባ ግን ሴትየዋን «የት ነው የተወለድሽው?» አልኳት። ስንት ዓመት አብሬያት ስኖር ጠይቄያት አላውቅም ነበር። እጇን በቀሚሷ ጠረገችና ተቀመጠች፤ ብዙ አወራችኝ። ወዳጆች ሆንን ብዬ አልዋሽም። ቤቱ ግን ሰፋኝ፤ ከልጅነቴ ጀምሮ ቤት ስገባ ደረቴ ላይ የሚጫነኝ ነገር ቀለለልኝ። ለመምህርቷ መናገር የነበረብኝ ይህን ነው፤ ማንበብ ያስተማረኝ፣ ማንም ሰው ፊቴ ሲቆም ያየሁት አንዱን ክፍል ብቻ መሆኑን ነው። የጋሽ ታፈሰን አሠራር ግን የማይወድ ሰው መጣ።

በየቀበሌው የውይይት ክበብ የሚካሄድበት፣ ሰው ከቤቱ ወጥቶ ስለ መመለሱ እርግጠኛ ያልነበረበት ጊዜ ነው። የቀበሌያችን የፕሮፓጋንዳ ኃላፊ ጓድ ሰይፉ ይባላል፤ ካኪ የለበሰ፣ ቀጭን፣ ዕድሜው ከእኔ ብዙም የማይርቅ ወጣት። ሁለት አብዮት ጠባቂዎች አስከትሎ ሱቁ ገባና የአድኃሪ መጻሕፍት ይከራያሉ የሚል ጥቆማ እንደደረሰው ተናገረ። እጁን ወደ መደርደሪያው ሰድዶ ያገኘውን መዘዘ። የመዘዘው የ«ባላምባራስ»ን ሁለተኛ ክፍል ነበር።

ያ መጽሐፍ ሌላ ርዕስ ነበረው፤ ደንበኞቻችን ግን በዋናው ባለታሪክ ማዕረግ ባላምባራስ ይሉት ነበር። በአንደኛው ክፍል ባላምባራስ የሚባል ባለርስት ጢሰኛውን ከመሬቱ ያባርራል፤ ጢሰኛው በስደት ይሞትና ሚስቱ ብቻዋን ትቀራለች። በሁለተኛው ክፍል ድርቅ ይገባል፤ ባላምባራስ ጎተራውን ከፍቶ አገሩን ሁሉ ያበላል፣ ሕዝቡም እግሩ ላይ ይወድቃል። በሦስተኛው ክፍል ሰውየው አርጅቶ፣ የሠራው ግፍ እንቅልፍ ነሥቶት፣ በቅሎውን ጭኖ ወደዚያች መበለት ቤት ይሄዳል።

ሰይፉ ያነበበው ሁለተኛውን ብቻ ነው። በማግሥቱ ተመልሶ መጣ።

«ጓድ ታፈሰ፣ እዚህ ውስጥ ሕዝቡን የሚመግበው ባለርስት ነው?»

«ሁለተኛው ክፍል ላይ ነው፣ ጌታዬ።»

«ጌታዬ የሚባል ነገር ቀርቷል። የቀረው መጽሐፍ የት አለ?»

«አንባቢዎች እጅ ነው። አንዱ ሲጨርስ ለሌላው ይሰጣል።»

ሰይፉ አብዮት ጠባቂዎቹን ዞር ብሎ አያቸው። «ጽሑፍ ቆራርጦ፣ አንዱ የሌላውን ክፍል ሳያይ፣ ከእጅ ወደ እጅ የሚያሳልፍ ማነው? ይሄ የኅቡዕ ሕዋስ አሠራር ነው። ሰው እያደራጁ ነው።»

ጋሽ ታፈሰ ስለ ኪራይ ሊያስረዳው ሞከረ፤ አልሰማውም። ወስፌውን እንደያዘ ወሰዱት። ሰይፉ እኔን «ነገሩ ካልተጣራ ወደ ከፍተኛው እናስተላልፈዋለን» አለኝ። ከቀበሌ በላይ ወዳለው ወደ ከፍተኛው ጽሕፈት ቤት ተላልፎ የት እንደገባ የጠፋ ሰው በሰፈራችን ከአንድ ቤት በላይ ነበር። ሱቁን ዘግቼ የቀሩትን ሁለት ክፍሎች ፍለጋ ወጣሁ።

አንደኛውን ክፍል ያገኘሁት ወዲያው ነው፤ ይዤ ቀበሌ ሮጥኩ። ባለርስቱ እዚያ ላይ ጨካኝ ስለሆነ ነገሩ የሚያልቅ መስሎኝ ነበር። ሰይፉ አንብቦ ሲያበቃ ይባስ ተቆጣ። «ክፉ ነበር፤ ከዚያ በራሱ ጊዜ ደግ ሆነ? ያለ ትግል?» አለኝ። ጸጸቱ ያለበት ሦስተኛው ክፍል ካልመጣ መውጫ እንደሌለን ገባኝ።

ሦስተኛው ክፍል አምስት ኪሎ ከሚያስተምሩት ከአቶ ዮሴፍ ዘንድ ነበር። ጰንጤ ናቸው፤ ቤተ ክርስቲያናቸው ተዘግቶ በየቤቱ ተደብቀው ይጸልዩ ነበር። በሩን በጠባቡ ከፈቱልኝ። የመጣሁበትን ስነግራቸው ፊታቸው ተለወጠ።

«ፍተሻ አለ ሲባል ቤት ውስጥ የታተመ ነገር ሁሉ ጓሮ አውጥቼ አቃጠልኩት፣ ልጄ። ምን ምን እንደነበረ እንኳ አላየሁም። እከፍላለሁ።»

«ማን ይክፈሉ አለዎት?» አልኳቸውና ደጃፋቸው ላይ ቁጭ አልኩ።

ከዚያ በኋላ ያደረግሁት ነገር በሥራ ዘመኔ ሁሉ የከፋው ውድቀቴ ነው። ብቻዬን ሰይፉ ፊት ቀርቤ የሦስተኛውን ክፍል ታሪክ ነገርኩት፤ የፈጠርኩትን። ጢሰኞቹ ተደራጅተው ተነሡ፣ ባላምባራስን አስረው መሬቱን ተከፋፈሉ፣ በመጨረሻም ቀይ ባንዲራ ሰቀሉ አልኩት። ሊሰማው የሚፈልገውን የማውቅ መስሎኝ ነበር። ሰይፉ እስክጨርስ ጠበቀኝ።

«ታሪኩ የተፈጸመው በማን ዘመን ነው?»

«በ… በአያቶቻችን ዘመን።»

«በአያቶቻችን ዘመን ቀይ ባንዲራ ተሰቀለ። ማን አስጠናሽ?»

ያን ቀን ጋሽ ታፈሰን ኮሪደር ላይ ከተቀመጠበት አግዳሚ አንሥተው መጋዘኑ ውስጥ ቆለፉበት። ሲያሳልፉት አየኝ፤ አልተቆጣም፣ ዓይኑ ግን ደክሞት ነበር። እያለቀስኩ ነው ፒያሳን ያቋረጥኩት።

መጽሐፉ ባይኖርም ያነበቡት ሰዎች አሉ ብዬ ራሴን አጽናናሁ። ሦስቱንም ክፍል የጨረሱ ደንበኞች ፈለግሁ። ውቤ በረሃ ቡና ቤት ያላቸው እትዬ አልጋነሽ ተገኙ፤ ታክሲ ነጂው ካሳም ተገኘ። አቶ ዮሴፍ ሳልጠራቸው መጡ። በጠዋት፣ ወንበሮቹ ጠረጴዛ ላይ ተገልብጠው ሳሉ፣ በእትዬ አልጋነሽ ባንኮኒ ዙሪያ ሰበሰብኳቸው። የተማርኩት ነገር ቢኖር ባንዲራውን መተው ነበር።

«ባንዲራ አትጥሩ» አልኳቸው። «ብቻ ጢሰኞቹ ተነሡበት በሉ። ሦስታችሁም አንድ ዓይነት ተናገሩ።»

«የምን ጢሰኛ?» አለ ካሳ። «ሰውዬው እኮ መንገድ ላይ ነው የቀረው። እሱማ በሩም ጋ አልደረሰ።»

«አንተ ደግሞ የት ነው ያነበብከው?» አሉት እትዬ አልጋነሽ። «ደርሷል እንጂ። አስፈርማው ነው ያስገባችው።»

«ምን ማስፈረም? እትዬ፣ ሰውዬው ሞቷል እኮ ነው የምልዎት።»

አቶ ዮሴፍ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ይቅር ብላዋለች» አሉ በቀስታ። «እንዴት ይህን ትረሳላችሁ?»

ተያያዙ። እትዬ አልጋነሽ መጥረጊያ ጨርቃቸውን ባንኮኒው ላይ እየወረወሩ፣ ካሳ ባርኔጣውን እያወለቀ፣ አቶ ዮሴፍ ጣታቸውን ወደ ላይ እያነሡ። የሰው ነፍስ ተይዞብናል ብል የሚሰማኝ አጣሁ። ወደ ቀበሌ ስንሄድም መንገዱን ሁሉ እየተከራከሩ ነው የሄዱት። እኔ አለቀልን ብዬ ከኋላ እከተላለሁ።

ሰይፉ አንድ በአንድ አስገባቸው። በሩ ክፍት ስለነበር ኮሪደሩ ላይ ሆነን ሁሉንም እንሰማለን።

ካሳ ቀደመ። «ጓድ፣ እኔ ሾፌር ነኝ። ያ ሁሉ ዳገት፣ ያረጀች በቅሎ፣ ያረጀ ሰው፣ ውኃ የለ። አይደርስም። አንዳንዱ ፋራ ደርሷል ይላል። እኔ መንገድ አውቃለሁ።»

እትዬ አልጋነሽ ገቡ። «ሴትየዋ ሞኝ አይደለችም። ምስክር ጠርታ፣ የባሏን መሬት በስሟ አስፈርማ፣ ከዚያ ነው ግባ ያለችው። እኔም ብሆን እንደዚያው ነው።»

ከዚያ አቶ ዮሴፍ ገቡ። ምን እንደሚሉ አውቄዋለሁ። «በሩን ከፈተችለት» አሉ። «ይቅርታ ጠየቃት። ተንበርክከው አብረው ጸለዩ።»

«ጸለዩ?» አለ ሰይፉ።

«አዎ። የማስታውሰው እንደዚያ ነው።»

ጸሎት የሚለው ቃል በዚያ ቢሮ ውስጥ፣ በእኚህ ሰው አፍ፣ ምን እንደሚያመጣ ሁላችንም እናውቃለን። ካሳ እንኳ ጫማውን ያያል። አቶ ዮሴፍን ያሥሯቸዋል፣ ጋሽ ታፈሰን ያስተላልፉታል፣ ምናልባት ሁላችንንም ይይዙናል ብዬ አሰብኩ። ያን ጊዜ የፈራሁትን ያህል ከዚያ ወዲህ ፈርቼ አላውቅም።

ሰይፉ ሁላችንንም ጠርቶ አስገባን። እንድንቀመጥ አልነገረንም። እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ እያንከባለለ ቆየ።

«በእኛ የውይይት ክበብ» አለ በመጨረሻ፣ «ሃያ ሰው ይሰበሰባል። ጽሑፍ ይነበባል። አስተያየት ስጡ ይባላል። ሃያውም ተነሥቶ ያንኑ ይናገራል። መደራጀት ማለት ይሄ ነው። እናንተ ሦስት ናችሁ፤ አንዱን መጽሐፍ ሦስት ቦታ ወሰዳችሁት። አንዱ ገደለው፣ አንዷ አስፈረመችው፣ አንዱ ደግሞ…» አቶ ዮሴፍን አያቸውና ቃሉን ተወው። «ይሄ ሰውዬ ሰው ማደራጀት አይችልም። ዓመት ሙሉ መጽሐፍ ሲያከራያችሁ ሦስት ሰው እንኳ አላስማማም።»

ካሳ ሊስቅ ሲል እትዬ አልጋነሽ ክርናቸውን ጎኑ ውስጥ ሰደዱ።

ቁልፉን ለአብዮት ጠባቂው ወረወረለት። ጋሽ ታፈሰ ጥላሸት የነካው ሸሚዙን እያራገፈ ከመጋዘኑ ወጣ። ብርሃኑ ዓይኑን ወግቶት ቆመ፤ ሦስቱን ደንበኞቹን በየተራ አያቸው። ምን እንደተደረገ ካሳ በችኮላ ነገረው። ጋሽ ታፈሰ ግድግዳውን ተደግፎ ሳቀ፤ ከዚያ ሳቁ ወደ ልቅሶ ተለወጠ፤ እትዬ አልጋነሽ በነጠላቸው ጫፍ ፊቱን ጠረጉለት። እኔ ደረቴ ላይ የነበረው ሁሉ ተፈትቶ፣ እዚያው ኮሪደሩ ላይ እንደ ልጅ ተቀመጥኩ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ደስታ አይቻለሁ፤ ልጆች ወልጃለሁ፣ ድሬያለሁ። እንደዚያ ያለ እፎይታ ግን አልደገመኝም።

ተያይዘው ወደ ውጭ ሲወጡ ጋሽ ታፈሰ ወስፌዬ አለና አስታወሰ። ለማምጣት ተመለስኩ። ሰይፉ ብቻውን ተቀምጧል፤ አንደኛውና ሁለተኛው ክፍል ፊቱ ተደርድረዋል። ወስፌውን ከመሳቢያው አውጥቶ ሰጠኝ። ልወጣ ስል ድምፁን ዝቅ አድርጎ ጠራኝ።

«አንቺ ሦስቱንም ክፍል አንብበሻል አይደል? መጨረሻውን ታውቂዋለሽ። እውነቱን ንገሪኝ፤ ሰውዬው ምን ሆነ?»

ለሁለተኛ ጊዜ ልዋሸው አልፈለግሁም። «ደርሶ በሩን አንኳኳ» አልኩት። «ሴትየዋ ከውስጥ ማነው አለች። ስሙን ነገራት። መጽሐፉ እዚያ ላይ ያልቃል።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ ገጽ የለም። ደራሲው እዚያው በር ላይ ትቶት ነው የሄደው።»

ሰይፉ መጻሕፍቱን አንሥቶ አንዱን በአንዱ ላይ አነባበረና ወደ እኔ ገፋቸው። ቀና ብሎ አላየኝም።

«እናቴ ብትሆን ትከፍትለት ነበር» አለ።